ደመወዙ ስንት ወጣ? ከሂሳብ ወደ አይቲ ስሻገር የያዝኩት ማስታወሻ

ሐምሌ 29፣ 2017

ደሴ ዛሬም ዝናብ ነው። ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሶ ዋለ፣ እኔም ጋቢ ለብሼ ላፕቶፕ ላይ ተጥጄ ዋልኩ።

ለማታውቁኝ፣ አካውንታንት ነኝ። ኮምቦልቻ አንድ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ስሠራ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ጠዋት ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ፣ በሚኒባስ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ የእንጨት ሥራ ቤት መዝገብ እይዛለሁ። ባለቤቱን ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። 23 ሠራተኛ አላቸው፤ 17ቱ በወር የሚከፈላቸው፣ 6ቱ የቀን ሠራተኞች።

ወደ አይቲ እሻገራለሁ ማለት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ማለት ብቻ። ማታ ማታ ቪዲዮ አያለሁ፣ ያየሁትን በነጋታው እረሳለሁ። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን መሠረታዊ ኮርስ ጨርሼ ሰርተፊኬቱ ስልኬ ውስጥ ተኝቷል። "እስቲ የሠራሽውን አሳዪን" ቢሉኝ ግን የማሳየው አንድ ነገር የለኝም።

ዛሬ የተፈጠረው ነው ያስነሳኝ። እንደምታውቁት ከዚህ ከሐምሌ ጀምሮ የደመወዝ ግብሩ ተቀይሯል። ድሮ ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ነበር፣ አሁን 2,000 ሆነ፤ ከዚያ በላይ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ይሄድና ከ14,000 በላይ 35 በመቶ ነው። የሐጂ ፔሮል፣ የደመወዝ ስሌቱ ማለት ነው፣ በኤክሴል ነው፣ አምስት ሺት፣ በየሺቱ ኢፍ ("እንዲህ ከሆነ" የሚለው ትእዛዝ) ውስጥ ኢፍ ውስጥ ኢፍ የታጨቀበት ፎርሙላ። አራቱን አስተካከልኩ። አምስተኛውን፣ የቀለም ቀቢዎቹን ሺት፣ ረሳሁት። 9,500 ብር የሚያገኘው ቀለም ቀቢ በአሮጌው ስሌት 1,895 ብር ተቆረጠበት፣ በአዲሱ 1,525 ነው መቆረጥ የነበረበት። 370 ብር ልዩነት። ያወቀው ራሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ስልኩ ላይ አስልቶ መጣ።

ሐጂ አልተቆጡም። "ልጄ፣ የሰው ሐቅ ነው፣ አስተካክይው" ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የሐጂን ፔሮል የሚሠራ ፕሮግራም ልጽፍ ነው። የግብሩ ሠንጠረዥ አንድ ቦታ ብቻ የሚቀመጥበት። ሕጉ ሲቀየር አንድ ቦታ ነክቼ የምገላገልበት። ለራሴ የሰጠሁት ሕግ አንድ ነው፤ ኤክሴሉን ወዲያው አልጥለውም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ተከታታይ ሁለት ወር በሳንቲም እኩል እስኪመጡ ድረስ።

ነሐሴ 4

ዕቃዬ ይህ ነው፦ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ 8 ጊጋ ራም፣ ባትሪው 20 ደቂቃ የሚይዝ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጫንኩ። ለምን ፓይተን? ሌላ ስለማላውቅ። አዲስ አበባ ፕሮግራመር የሆነ የአክስቴ ልጅ አለኝ፣ በቴሌግራም እሱን እያስቸገርኩ ነው። በዕድሜ ስለምበልጠው እታለም ይለኛል፤ ኮዴን ሲያይ ግን አክብሮቱ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ቅጂ ሃያ ምናምን መስመር ሆነ። ደመወዝ ይቀበላል፣ የትኛው እርከን ላይ እንደሚወድቅ ያያል፣ በመቶኛው ያባዛል፣ ለእርከኑ የተቀመጠውን ተቀናሽ ይቀንሳል፣ ከመነሻ ደመወዙ 7 በመቶ ጡረታ ይይዛል፣ የተጣራውን ያወጣል። አሠሪው የሚጨምረውን 11 በመቶም ለብቻው ያሳያል። 9,500 አስገባሁለት። ግብር 1,525፣ ጡረታ 665፣ የተጣራ 7,310። ልክ!

ያን ቁጥር ሳይ የተሰማኝን አልደብቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ በካልኩሌተር የጠቀጠቅኩት ነገር በአንድ መስመር ታዘዘልኝ። ለእናቴ ላሳያት ጠራኋት፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ሦስት ቁጥር አየች፣ "ማሻአላህ፣ በይ አሁን ቡናውን አፍዪው" አለችኝ።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ሦስት ሳንቲም።

የሐምሌን የ17 ሰው ፔሮል በፕሮግራሙ ሠራሁትና ከተስተካከለው ኤክሴል ጋር አስተያየሁት። የግብሩ ድምር በሦስት ሳንቲም ተለያየ። ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት። "እታለም፣ ሦስት ሳንቲም እንቅልፍ ነሳሽ? ተያት" አለኝ።

እዚህ ላይ ነው እኔና ፕሮግራመሮች የምንለያየው። ሂሳብ የሠራ ሰው ትንሽ ልዩነትን አይንቅም፣ ምክንያቱም ሦስት ሳንቲም ማለት ሦስት ሳንቲም ላይሆን ይችላል። አንድ ቦታ 10,000 ብር በዝቶ ሌላ ቦታ 9,999.97 ጎድሎ፣ ሁለቱ ተጣፍተው የተረፈው ጭራ ሊሆን ይችላል። በባንክ ማስታረቅ ይህን አይቻለሁ። አንዴ 40 ሳንቲም ስፈልግ ሳይመዘገብ የቀረ ቼክ አግኝቻለሁ።

ስለዚህ ሰው በሰው ወረድኩበት። የተለያዩት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ በየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳንቲም። ሦስቱም ግማሽ ሳንቲም ላይ የሚያርፉ ናቸው። ኤክሴል ግማሽን ወደ ላይ ያጠጋጋል፣ እኛም ትምህርት ቤት የተማርነው እንደዚያ ነው። የፓይተኑ ማጠጋጊያ፣ ራውንድ የሚባለው፣ ግን ግማሽ ሲያገኝ ወደ ቅርቡ ሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ነው የሚሄደው። 1.5 ስጡት፣ 2 ይላል። 2.5 ስጡት፣ እሱንም 2 ይላል። አላመንኩም፣ አምስት ጊዜ ሞከርኩት። እሱ ብቻ አይደለም፣ 0.1 እና 0.2 ደምር ስለው 0.30000000000000004 አለኝ። በካልኩሌተር እንዲህ ያለ መልስ ባገኝ ካልኩሌተሩን እመልሰው ነበር።

ምክንያቱ ይገባል። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በሁለት ቤት ነው፣ በ0 እና በ1 ብቻ። አንድ ሦስተኛን በአስር ቤት ጻፉ ብንባል 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው፣ እሱም 0.1ን በሁለት ቤት አይጨርሰውም፣ የሆነ ቦታ ይቆርጠዋል። ለገንዘብ የሚሆነው ዲሲማል የሚባለው ነው፤ ቁጥሩን እኛ እንደምንጽፈው ይይዘዋል፣ እንዴት ይጠጋጋ የሚለውንም አንተ ትነግረዋለህ። ሁሉንም ወደዚያ ቀየርኩ። ልዩነቱ ዜሮ ሆነ።

ለአክስቴ ልጅ ውጤቱን ላኩለት። ትንሽ ቆይቶ "እኛ ቢሮ ያለው ሲስተም ላይም ላረጋግጥ ነው" አለ። አልሳቅሁበትም። እሺ፣ ትንሽ ስቄበታለሁ።

ነሐሴ 19

ስም። ስም ገደለኝ።

ሰዓት መዝጋቢው ደብተር ላይ ነው የሚጽፈው፣ እኔ ነኝ ወደ ፋይል የምገለብጠው። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ያወጣውን ፋይል በኤክሴል ስከፍተው አማርኛው በሙሉ ጭረትና ነጥብ ሆኖ መጣ፣ የደብተራ ክታብ ይመስላል። እሱ ቀላል ነበር። ፋይሉ ሲጻፍ መጀመሪያው ላይ "ዩቲኤፍ 8 ነኝ" የሚል የፊደል አቀማመጥ ምልክት ካልተደረገበት ኤክሴል አይገባውም። አንድ ቃል ጨምሬ ተገላገልኩ።

ከባዱ ሌላ ነው። አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ አራት ዓይነት አጻጻፍ አለው። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ፣ ኀይሌ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተር አራት። ትርፍ ሰዓቱ አራት ቦታ ተበተነ። ስለዚህ ብልህ ነኝ ብዬ የማለዘቢያ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ሐመሩን ሐ እና ብዙኃኑን ኀ ወደ ሃሌታው ሀ፣ ንጉሡን ሠ ወደ እሳቱ ሰ፣ ዓይኑን ዐ ወደ አልፋው አ፣ ፀሐዩን ፀ ወደ ጸሎቱ ጸ። ሰባቱንም ቤት፤ ሃንም ወደ ሀ። ሠራ! አራቱ ኃይሌ አንድ ሆነ፣ በደስታ ዘለልኩ።

ከዚያ ስቆጥር የወር ደመወዝተኛው 16 ነው። አንድ ሰው ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ ቤቱ ውስጥ ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ አናጺ፣ አንዱ ጫኝ፣ የሁለቱም አባት ሐሰን ነው። ወሎ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ሰዓት መዝጋቢው ለሦስት ዓመት ሲለያያቸው የኖረው የአንዱን አባት በሐመሩ ሐ፣ የሌላውን በሃሌታው ሀ እየጻፈ ነው! ለማንም አልተናገረም፣ የራሱ ዘዴ ነው። እኔ ደግሞ ፊደሉን አለዝቤ ሁለቱን ሰው አንድ አደረግኳቸው፣ የጫኙ ሰዓት አናጺው ላይ ተደመረ።

ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ታዲያ አንቺ የተማርሽ አይደለሽ፣ ሐመሩና ሃሌታው አንድ ነው ያለሽ ማነው?"

መልስ የለኝም። ልክ ነው እኮ። አሁን ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ሰጥቻለሁ፣ ደብተሩ ላይም ከስሙ በፊት ቁጥሩ ይጻፋል። ስም ለማየት ብቻ ነው፣ ለመለየት አይደለም። በሂሳብ ለደንበኛ ሁሉ ኮድ ስንሰጥ ኖረን ለሠራተኛው መርሳቴ ግን ይገርማል።

ነሐሴ 27

አጭር። መብራት ሄደ፣ ባትሪው ሃያውን ደቂቃ ሳይጨርስ ተከተለው። የነሐሴን ትርፍ ሰዓት ግማሹን አስገብቼ ነበር። ስመለስ ፋይሉ ተበላሽቷል። ወደ ኤስኪውላይት ቀየርኩ፤ ትንሽ ዳታቤዝ ነው፣ አንድ ፋይል ብቻ፣ ሰርቨር ምናምን አይፈልግም። ደስ ያለኝ ነገሩ አንድ ምዝገባ ወይ ሙሉ በሙሉ ይገባል ወይ ጭራሽ አይገባም። ዴቢቱ ገብቶ ክሬዲቱ ሳይገባ መብራት ቢሄድ ዴቢቱም ይመለሳል። ይህን ስረዳ "ይሄን እማ አውቀዋለሁ" አልኩ።

ጊትም ጀመርኩ፣ የፋይል ለውጦችን ከነታሪካቸው የሚይዝ ፕሮግራም ነው። እስከ ትናንት ፋይሎቼ "ፔሮል የመጨረሻ"፣ "ፔሮል የመጨረሻ የመጨረሻ"፣ "ፔሮል ይሄኛው ነው" የሚባሉ ነበሩ። ጊት ላይ የድሮውን አትሰርዝም፣ አዲሱን ከነምክንያቱ ትመዘግባለህ፣ ስትሳሳትም የሚያፈርሰውን ትጽፋለህ። ቫውቸር በፍሉድ አይጠፋም፣ በተቃራኒ ምዝገባ ነው የሚስተካከለው እያሉ ያሳደጉን ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል።

ጳጉሜ 3

እንኳን አደረሳችሁ ልል ነበር፣ ገና ነው።

ጳጉሜ ለፓይተን አይገባውም። ቀኑን በፓይተን የቀን ዓይነት ይዤው ነበር፣ ወሩንና ቀኑን በእኛው አቆጣጠር እያስገባሁ። ነሐሴ አለፈ። ዛሬ የቀን ሠራተኞችን ለማስገባት ወር 13 ስል "እንዲህ ያለ ወር የለም" አለኝ። ወደፊት ደግሞ ጥቅምት 30 ላይ ሊቆም ነበር፣ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ፣ ፈረንጆቹ ዘንድ ሁለተኛው ወር 30 የለውም። አሁን ቀኑን በእኛው ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብዬ ለብቻው እይዛለሁ። አሥራ ሁለቱ ወር 30፣ ጳጉሜ 5፣ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ከተረፈ 6። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ስድስት ሆነ። ቀጣዩ 2019 ነው። አያቴ ይህን ያለ ካልኩሌተር ታውቀው ነበር።

ከኮዱ ይልቅ የከበደኝ ጥያቄው ነው። የወር ደመወዝተኛው ለጳጉሜ ለብቻ አይከፈለውም። የቀን ሠራተኛው ግን በሠራው ቀን ልክ ይከፈለዋል፣ ለእሱ ጳጉሜም ቀን ነው። የትኛው ወር ላይ ይግባ? ሐጂን ጠየቅኳቸው። "ከነሐሴ ጋር ደምረሽ ከበዓሉ በፊት ስጫቸው፣ ዓውዳመት ነው" አሉ። ይህን ውሳኔ የሚነግረኝ ቪዲዮ የትም የለም። ከነሐሴ ጋር ደመርኩ።

የነሐሴ ፔሮል፦ ኤክሴልና ፕሮግራሙ በሳንቲም እኩል። አንድ ወር አለፈ፣ አንድ ቀረ።

መስከረም 29፣ 2018

እኩል አልመጣም። እኩል አልመጣም ብቻ አይደለም፣ የግብሩ ድምር በ900.11 ብር ጎደለ።

ይህን ቀን በዝርዝር ልጻፈው፣ ከእነዚህ ሁለት ወራት የተማርኩት ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ኮዱን መክፈት አይደለም። የድሮ ልማዴ ቀደመኝ። ልዩነት ሲገኝ ለዘጠኝ ይካፈል እንደሆነ ይታያል፤ ከተካፈለ ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል፣ 54ን 45 እንደመጻፍ። 9 እና 1 እና 1፣ አሥራ አንድ። አይካፈልም። ቀጥሎ ግማሹ ይታያል፣ አንድ ቁጥር በተሳሳተ ጎን ከገባ ልዩነቱ እጥፉ ይሆናልና። 90,011 ሳንቲም ጎዶሎ ነው፣ ለሁለት አይካፈልም። ሦስተኛው ቁጥሩን ራሱን መፈለግ ነው። የኤክሴሉን የግብር ዓምድ በጣት ወረድኩበት። አሥራ አንደኛው ሰው ላይ 900.11 ቁጭ ብሏል። ፕሮግራሙ ላይ ያው ሰው ግብሩ ዜሮ።

ዜሮ! 7,000 ብር የሚያገኝ ሰው ግብር የለበትም አለ፣ ምንም ሳይል፣ ሳያስጠነቅቅ፣ ተረጋግቶ።

ሰውየው ሽማግሌው አናጺያችን ናቸው። መነሻቸው 6,450። በመስከረም 11 ሰዓት ትርፍ ሠርተዋል። 6ቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ነው፣ በአንድ ተኩል ይባዛል፤ 5ቱ ከዚያ በኋላ ነው፣ በ1.75 ይባዛል። የሰዓት ክፍያቸውን ለማግኘት ደመወዙን ለ208 አካፍላለሁ (በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል ማለት ነው፤ ለ240 የሚያካፍል ቤትም አይቻለሁ፣ እሱ የሠራተኛውን ሰዓት ያረክሰዋል)። ትርፉ 550.42 ወጣ። ጠቅላላ 7,000.42።

አሁን የግብሩን ሠንጠረዥ እዩት። "ከ4,001 እስከ 7,000፣ 20 በመቶ። ከ7,001 እስከ 10,000፣ 25 በመቶ።" እኔ ኮዱን ልክ እንደተጻፈው ነው የገለበጥኩት። ከ4,001 ጀምሮ እስከ 7,000 ከሆነ ይህን አድርግ፣ ከ7,001 እስከ 10,000 ከሆነ ያን አድርግ። 7,000.42 የት ነው? የትም። ሁለቱ እርከኖች መካከል አንድ ብር የምታህል ስንጥቅ አለች፣ ሽማግሌው እዚያች ውስጥ ገቡ። የሰው ዓይን ሠንጠረዡን ሲያነብ ስንጥቋን አያያትም፣ ሳያስብ ይሻገራታል። ኮዱ ግን የተባለውን ነው የሚያደርገው። ምንም እርከን ካላገኘ ግብሩ መጀመሪያ ከተሰጠው ዋጋ፣ ከዜሮ፣ አይነቃነቅም።

የኤክሴሉ ፎርሙላ፣ ያ የረገምኩት ኢፍ በኢፍ፣ ይህ ችግር አልነበረበትም። እሱ "እስከ 7,000 ከሆነ ይህ፣ ካልሆነ ወደሚቀጥለው" ነው የሚለው። ሳላውቀው ልክ ሠርቼው ኖሬ አውቄ አበላሸሁት።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ ነው። የላይኛውን ወሰን ብቻ መያዝ። እርከን ካልተገኘም ዝም ብሎ ዜሮ ከማለት ፕሮግራሙ ይቁም፣ ይጩህ።

ማታውን ግን ሌላ ነገር ሠራሁ። መልሳቸውን በእጄ የማውቃቸውን ደመወዞች ዝርዝር ጻፍኩ፦ 2,000 ግብሩ ዜሮ፣ 4,000 ግብሩ 300፣ 7,000 ግብሩ 900፣ 10,000 ግብሩ 1,650፣ 14,000 ግብሩ 2,850። ወሰኖቹ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ፤ በታችኛው እርከን ብታሰላው በላይኛው ያው መልስ ነው የሚመጣው። 7,000ን በ20 በመቶ አባዝቼ 500 ስቀንስ 900፣ በ25 በመቶ አባዝቼ 850 ስቀንስም 900። ካልመጣ ተቀናሹን ተሳስቼ ጽፌዋለሁ ማለት ነው። ከየወሰኑ አንድ ሳንቲም ከፍ ያለውንና አንድ ሳንቲም ዝቅ ያለውንም ጨመርኩ። ኮዱን በነካሁ ቁጥር ይህ ዝርዝር መጀመሪያ ይሮጣል። ፕሮግራመሮቹ ቴስት ይሉታል። ለአክስቴ ልጅ ስነግረው "ማን አስተማረሽ?" አለኝ። ማንም። ትራያል ባላንስ፣ የዴቢትና የክሬዲቱ ድምር፣ ሳይመጣጠን ሪፖርት አይወጣም፣ በቃ።

ጥቅምት 9

ለአንድ የአይቲ ሥራ አመለከትኩ፣ ጠሩኝ፣ ሄድኩ። የት እንደሆነ ይቅር። ላፕቶፔን ይዤ ነበር፣ ማንም ክፈቺው አላለኝም። "የአካውንቲንግ ዲግሪ ነው ያለሽ" አሉኝ፣ እኔ እንደማላውቀው። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ከኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ እኔም አብሬው አቃሰትኩ።

ማታ እናቴ ሦስተኛውን ቡና ስትቀዳ "አብሽሪ፣ በረካው ይመጣል" አለችኝ። ቡናውን ይሁን ሥራውን አልጠየቅኳትም።

ጥቅምት 30

ፕሮግራሙ ጥቅምት 30ን አለፈ፣ ጠብቄው ነበር። የጥቅምት ፔሮል፦ እኩል። ከመስከረሙ ጉድ በኋላ ቆጠራውን ከአንድ ነው የጀመርኩት።

ኅዳር 14

ሌላ ቦታ። ኮምቦልቻ ነው፣ የሚፈልጉት የሂሳብ ሲስተማቸውን የሚንከባከብ ሰው። ሲስተሙ ሲቆም ሂሳብ ክፍሉ አይቲውን ይጠራል፣ አይቲው ዴቢትና ክሬዲት አይገባውም፣ ሂሳብ ክፍሉ ዳታቤዝ አይገባውም፣ መሀል ላይ የሚቆም ሰው ጠፍቷል። የጠየቀችኝ ሴት "ከሠራሽው ውስጥ የተሳሳትሽውን ንገሪኝ" አለችኝ። ስለ ስንጥቋ ነገርኳት። 900.11ን። ወረቀት አውጥታ ሠንጠረዡን ጻፈችና ራሷ ስትፈልግ ቆየች። አገኘችው። ከዚያ "የኛንም ማየት አለብን" ብላ ሳቀች።

ኅዳር 22

ወሰዱኝ። ደመወዙ ግን ካለሁበት ያንሳል። አሁን 14,500 ነው የማገኘው፣ እነሱ 11,000 አሉ። 3,500 ብር ልቀንስ ነው ብዬ ሁለት ቀን አልበላሁም።

ከዚያ ትዝ አለኝ። የራሴን ደመወዝ የራሴ ፕሮግራም ውስጥ አስገባሁት። በ14,500፦ ግብር 3,025፣ ጡረታ 1,015፣ እጄ ላይ የሚደርሰው 10,460። በ11,000፦ ግብር 1,950፣ ጡረታ 770፣ እጄ ላይ 8,280። ከኪሴ የሚጎድለው 2,180 ነው፣ 3,500 አይደለም። ስምንት ዓመት ሂሳብ የሠራሁ ሰው ይህን በጭንቅላቴ ማወቅ ነበረብኝ። የራስ ሲሆን አይታይም።

2,180 ብር ቀላል ገንዘብ ነው አልልም። የእናቴ መድኃኒት አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። የሐጂን መዝገብ ቅዳሜና እሁድ እቀጥላለሁ፣ ከዚያ የማገኛት ትደግፈኛለች። እሺ አልኳቸው። ታኅሣሥ 1 እጀምራለሁ።

ኅዳር 30

ሁለተኛው ተከታታይ ወር እኩል መጣ። ኤክሴሉን ዘጋሁት። አልሰረዝኩትም፣ ዘጋሁት።

ሐጂ ግን ሌላ ጉዳይ ይዘው ጠበቁኝ። ሽማግሌው አናጺ ከመስከረም ወዲህ ትርፍ ሰዓት አልሠራም ብለዋል። የመስጊድ በርና መስኮት ሥራ መጥቷል፣ ቀረጻውን ከእሳቸው በቀር የሚችለው የለም። "አንቺ ጠይቂያቸው፣ ለኔ አይነግሩኝም" አሉኝ።

ሄጄ መጋዝ ብናኝ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የመስከረም የክፍያ ወረቀታቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ቆሽሿል። "አየሽ ልጄ፣ ከ7,000 በታች 20 ይቆርጣል። እኔ ከ7,000 ሳልፍ 25 ገባሁ። ሌሊት ሠርቼ ለመንግሥት ነው የገበርኩት። 7,000 ላይ ብቆም ይሻለኝ ነበር።"

ስንቱ ሰው እንዲህ እንደሚያስብ! ኮምቦልቻ ዲግሪ ያላቸው ሰዎችም ሲሉት ሰምቻለሁ። ወረቀቱ ጥፋት የለበትም አልልም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። "ግብር 900.11" ብቻ ነው የሚለው።

ጣውላው ላይ በእርሳሳቸው ጻፍኩላቸው። "ጋሼ፣ 25 በመቶው ሙሉው ላይ አይደለም። እስከ 7,000 ያለው 900 ብር ነው፣ እዚያ ላይ ቢቆሙም ያው 900 ነው። 25 በመቶ የሚቆረጠው ካለፈችው ላይ ብቻ ነው። ያለፈችው ስንት ናት? 42 ሳንቲም።"

"የ42 ሳንቲም ሩብ?"

"አሥር ሳንቲም ተኩል። አጠጋግቼ አሥራ አንድ አደረግኳት።"

እርሳሱን ተቀበሉኝና ራሳቸው ደገሙት። 550 ከ42 ትርፍ። በ6,450 ብቻ ቢሆን ግብሩ ስንት ነበር አሉኝ፣ 790 አልኳቸው። ከ900.11 ላይ ቀነሱት። ጣውላው ላይ 440 ብር ከ31 ጻፉ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት፣ ልክ እኛ ድምር እንደምናሰምረው።

"ይሄን 440 ነው እኔ ሁለት ወር ሙሉ የተውኩት?"

"በወር።"

ዝም አሉ። ከዚያ "አሥራ አንድ ሳንቲም" አሉና ሳቁ፣ ጥርስ የለሽ ሳቅ።

ለሚቀጥለው ቅጂ የሚሠራ፦ የክፍያ ወረቀቱ ግብሩን በየእርከኑ ዘርዝሮ ያሳይ። የትርፍ ሰዓቱ የተጣራ ለብቻው ይውጣ። ፊደሉ ጎላ ይበል፣ ሽማግሌው ያለ መነጽር ነው የሚያነቡት።

ስወጣ ከኋላዬ ጠሩኝ። "በይ ያን ሰዓት መዝጋቢ ስታገኚው ንገሪው፣ ከነገ ጀምሮ ማታ አለሁ።"